የጓዳው ሰው በየትኛው መዝገብ አለ? የአእምሮ ሕመም ቁጥር ታሪክ ከአዊ ምድር ሲታይ

እያንዳንዱ ከተማችን አንድ ሰው አለው። ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ፣ እንጅባራ ገበያ ዳር፣ ቻግኒ መንገድ ላይ፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ለብቻው እያወራ የሚመላለስ ሰው። ልጆች ይከተሉታል። ሻይ ቤቶቹ ጠዋት ጠዋት ቁራሽ ዳቦ ይሰጡታል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። «እብዱ» ነው በቃ። ስለ እሱ ብንጠየቅ «ድሮ ጎበዝ ተማሪ ነበር አሉ፤ ትምህርት በዝቶበት ነው ጨርቁን የጣለው» ብለን እናልፋለን።

ይኸ ሰው ግን የሚታየው ነው። የማይታየው የጓዳው ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ በሩ የሚዘጋበት፣ «ማነው ውስጥ የሚያንጎራጉረው?» ሲባል «ኧረ ማንም የለ» የሚባልለት፣ አንዳንዴም እግሩ ከምሰሶ ጋር የታሰረ። ይህን ጽሑፍ ከምናነበው ውስጥ ብዙዎቻችን ያደግነው ከእንዲህ ያለ ቤት አጠገብ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ያደግንም አንጠፋም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የጓዳው ሰው በየትኛው መዝገብ ተጽፏል? ጥያቄው የተራ ቁጥር ወዳድነት አይደለም። መንግሥት የሚያየው የቆጠረውን ነው። ለተቆጠረ በጀት ይመደባል፣ ለተቆጠረ ባለሙያ ይሠለጥናል፣ ለተቆጠረ መድኃኒት በመኪና ተጭኖ ይላካል። ያልተቆጠረ ግን ለቤተሰቡና ለእግዜር የተተወ ነው። እንግዲህ በአገራችን የአእምሮ ሕመም ቁጥር እንዴት እንደተሰበሰበ መመርመር የሕመምተኛውን ታሪክ መመርመር ነው።

፩. ከቁጥር በፊት ስም ነበረ

አባቶቻችን ይህን ሕመም አልቆጠሩትም፤ ስም ግን አውጥተውለታል። ልክፍት፣ ዛር፣ ጋኔን፣ ቡዳ፣ መጋኛ፣ እርግማን ይሉታል። እያንዳንዱ ስም የራሱ መድኃኒተኛ ነበረው፤ ዛሬም አለው። የዛር የተባለው ቡናና ዕጣን፣ ከበሮና ጭብጨባ ካለበት ከባለ ዛሩ ቤት ይሄዳል። የጋኔን የተባለው ወደ ጸበል ይወሰዳል። ሌላው ከደብተራ ክታብ ያሰራል። ሙስሊሙ ወገናችን ሼሁ ዘንድ ሄዶ ያስቀራል።

እኛ ተማሪዎች ይህን ሁሉ «ኋላቀርነት» ብለን በአንድ ቃል መጠቅለል እንወዳለን። ነገሩ ግን እንዲያ በቀላሉ የሚጠቀለል አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የባለ ዛሮችን ቤት ተመላልሶ አጥንቶ ነበር። ያየውም የአንድ ሰው ብቻ ሕመም ሳይሆን ማኅበር ነው። ታማሚዋ ቡና የሚያፈላላት፣ ስትወድቅ የሚያነሣት፣ «የአንቺ ዛር እንዲህ ነው» ብሎ ቦታ የሚሰጣት ሰው ነበራት። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ኢትዮጵያዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ከሆላንዳዊው ሮበርት ኺል ጋር ሆነው አንድ ቄስና አንድ ሼህ ዘንድ ለፈውስ የሚጎርፈውን ሰው አጥንተው ጽፈዋል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ሕመሙን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሆስፒታል ሳይኖር ወደሚያውቀው በር ሄደ። የተከፈተለት ያ በር ነበርና።

ይህን ስንል ግን ሰንሰለቱን ልንሸፋፍን አይደለም። ጸበል ላይ እስከ ማታ ሳይቀምሱ የሚውሉ፣ «ጋኔኑ ይውጣ» እየተባለ የሚገረፉ፣ እግራቸው በብረት የቆሰለ ሕሙማን አሉ። በአብዛኛው የሚያስረው ደግሞ ጠላት አይደለም፤ እናት ናት። ልጇ ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፣ የሰው ቤት እንዳያቃጥል፣ መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጨው ብላ ነው። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ፍቅር ራሱ ሰንሰለት ይገዛል።

፪. አማኑኤል፣ ወይም የመንገድ ቁጥር

የመጀመሪያው የመንግሥት መዝገብ የተከፈተው በጠላት ዘመን ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ይዞ ሳለ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ተቋቋመ። ጣሊያን ሄደ፣ ሆስፒታሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ስሙም ከቦታ ስምነት አልፎ ስድብ ሆነ። «ከአማኑኤል ያመለጠ» ሲባል ያልሰማ ማነው? የሚያስቀው ነገር ጣሊያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው በቁጥር 180 ሕግ እንዲህ ያሉ ትልልቅ የእብዶች ቤቶች እንዲዘጉና ሕክምናው ወደ ሰፈር እንዲወርድ ወሰነች። እኛ ግን አንዱን በር ይዘን ቀጠልን።

እስቲ ያንን በር ከአዊ እንየው። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። የታመመ ልጁን ይዞ የሚሄድ ገበሬ በሬ ወይም በግ መሸጥ አለበት። አውቶቡስ ውስጥ ልጁ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ረዳቱ «ታስሮ ካልሆነ አልጭንም» ይላል። ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ መርካቶ አካባቢ ከማያውቀው ሰፈር ይደርሳል። ማደሪያ አለ? ምግብስ? ወረፋስ? መድኃኒቱ ለአንድ ወር ተሰጥቶት ቢመለስ በሚቀጥለው ወር በምን ገንዘብ ይሄዳል?

መድኃኒት እኮ ነበረ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ከሰንሰለት ተፈትቷል። የጎደለው መድኃኒቱን ከባንጃና ከአንከሻ ገበሬ ደጅ የሚያደርስ ነው።

ስለዚህ የሆስፒታል መዝገብ ምን ይነግረናል? የታመመውን አይቆጥርም፤ መንገዱን የቻለውን ነው የሚቆጥር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አማኑኤል የደረሱ 1,044 ሕሙማንን በየት በኩል እንደመጡ ጠይቆ ነበር። በቀጥታ የመጡት ከመቶ 41 ብቻ ናቸው። ከመቶ 31 የሚሆኑት መጀመሪያ የሄዱት ወደ ካህንና ወደ ጸበል ነው። ሕመሙ ከጀመረበት አንሥቶ ሆስፒታል እስኪደርሱ ያለፈው ጊዜ የመካከለኛው ልኬቱ 38 ሳምንት ነበር። ዘጠኝ ወር ማለት ነው፤ እርግዝና ያህል። ልብ እንበል፣ እነዚህ የደረሱት ናቸው። ያልደረሰውን ማን ጠየቀው? አንድ የአዊ ልጅ ስሙ በአማኑኤል መዝገብ የለም ማለት አልታመመም ማለት አይደለም። አባቱ በሬ አልነበረውም ማለት ሊሆን ይችላል።

፫. ቤት ለቤት የሄዱት

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያው ሮበርት ኺል ከቫን ላውክ ጋር ሆኖ ከሆስፒታል ወጣ። አንዲት ትንሽ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ያለች አንዲት የገጠር መንደር ገብተው ቤት ለቤት ጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ታተመ። ከመቶ ሰው 9 ያህሉ የአእምሮ ችግር ያለበት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ በሠለጠኑት ዘንድ «እብደት የከተማና የሥልጣኔ በሽታ ነው፣ ገበሬው በንጹሕ አየር ሰላም ነው የሚኖረው» የሚል ተረት ነበር። ተረቱ በዚያው ወደቀ። ገበሬውም ይታመማል። ዝም የሚለው ስላልተጠየቀ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ እርምጃ የሐኪም ሳይሆን የነርስ ነበር። በ1979 ዓ.ም. አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ተመራቂዎቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እየተመደቡ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሣጥን መድኃኒት ይዘው ሥራ ጀመሩ። ከተማ ለቆ ለመሄድ ሐኪም በማይገኝበት ዘመን የአገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ተሸክመው የቆዩት እነዚህ ነርሶች ናቸው። የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት ያሉት ባሕር ተሻግረው የተማሩ ነበሩ፤ ሁሉም አልተመለሱም።

የቁጥሩን ታሪክ የለወጠው ግን ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ጉራጌ ምድር ያለችው ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ምርምር ጣቢያ ሆናለች። እዚያ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ ዛሬ «የኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመም አኃዝ» ተብሎ የሚጠቀሰው ሁሉ ምንጩ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ ሕመም ከሺህ ሰው ወደ 5 በሚጠጋው ላይ፣ በትክክል 4.7 ላይ፣ ተገኘ። ከነዚህ ሕሙማን ውስጥ ያን ጊዜ የዘመናዊ መድኃኒት ጣዕም የሚያውቀው ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ከተገኙት ሕሙማን ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ታዲያ ሴቶቹ የት ሄዱ? ተመራማሪዎቹንም ያስጠየቀ ነገር ነው። እኛ መልስ አለን አንልም። ግን ጥያቄው ወደ ጓዳው ይመልሰናል። ወንዱ አብዶ አደባባይ ይወጣል፤ ሴቷ አብዳም እንጨት ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ በር ይዘጋባታል። ቤት ለቤት ሄዶ የጠየቀ ሰው እንኳ ጓዳ ድረስ ላይዘልቅ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሞቱ ቁጥር ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። እብደት ሰውን በቀጥታ አልገደለም። የገደለው ሌላው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚድንበት በሽታ ነው። «እሱ እኮ እብድ ነው» ተብሎ ሳሉን ማንም አልሰማለትም። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ሕሙማኑ ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ሠላሳ ዓመት! የኛን ዕድሜ የሚያህል፣ ከዚያም የሚተርፍ።

፬. ሲቆጠሩ የቀነሱት

ከቡታጅራ ውጭ ያለው ሕዝብስ? መንግሥት መላውን ሕዝብ ቤት ለቤት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሲቆጠር ኢትዮጵያ 53.5 ሚሊዮን ሰው ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 73.75 ሚሊዮን ደረሰች። በሁለቱም ጊዜ ስለ አካል ጉዳት ተጠይቋል፤ የአእምሮ ችግርም በዝርዝሩ ነበረ።

ውጤቱን እንይ። በ1987ቱ ቆጠራ የጉዳተኛው ቁጥር ከመቶ ወደ 1.9፣ ማለት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ነበር። በ1999ኙ ግን ከመቶ ወደ 1.1 ወረደ። ሕዝቡ በ20 ሚሊዮን ጨምሮ ጉዳተኛው በቁጥር ጭምር ቀነሰ። በነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ የኤርትራ ጦርነት ተካሂዷል፣ ድርቅ አልፏል፣ ኤች አይ ቪ አገሩን አዳርሷል። ታዲያ በምን ተአምር ነው ጉዳተኛው የቀነሰው? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት የኢትዮጵያን የጉዳተኛ ድርሻ ከመቶ 17.6 አድርሰውታል። ከ1.1 እና ከ17.6 የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱ የጠየቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። አንዱ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ይላል፣ ሌላው «ይህን ይህን ለማድረግ ይቸግርሃል?» ብሎ ይዘረዝራል። ልዩነቱ ግን የጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የበርም ነው። ቆጣሪው ደጃፍ ቆሞ «ቤት ውስጥ የአእምሮ ችግር ያለበት አለ?» ሲል፣ ሴት ልጁን ሊድር የደረሰ አባወራ ምን ብሎ ይመልሳል? «ዘሩ እብደት አለበት» ከተባለ ማን ያገባታል? «የለም» ይላል። ቆጣሪው «የለም» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ተደምሮ አዲስ አበባ ይደርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ግን ደብቀን መዘገብነው፤ ማኅተምም መታንበት።

፭. ከቡታጅራ የተበደርነው

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ፣ የአእምሮ ሕመም ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች ሁሉ ከባዱ ሸክም መሆኑን ጽፏል። በአንድ የገጠር አካባቢ ከጠቅላላው የበሽታ ሸክም ከመቶ 11 የሚሆነው የአእምሮ ሕመም ነው፣ ከኤች አይ ቪ ይበልጣል ብሏል። ያን ጊዜ ለመላው አገር የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ወደ 40 የሚጠጉ ነበሩ፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ። ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለ40 ሐኪም ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ሚሊዮን ይደርሰዋል። መላው አዊ፣ ዘጠኝ ወረዳውና ከተማው ተደምሮ፣ የአንድ ሐኪም ግማሽ ድርሻ መሆኑ ነው።

አሁን እስቲ እኛም እንደ ባለሥልጣን እናስላ። የአዊ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 982,942 ነበር። ለስሌት ያህል ግማሹ ከ15 እስከ 49 ዕድሜ ውስጥ ነው እንበል። በቡታጅራው 4.7 ቢባዛ ወደ 2,300 ሰው ይመጣል። ያኔ ቡታጅራ ላይ እንደታየው ከአሥሩ ዘጠኙ ሕክምና ያላዩ ቢሆኑ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በአዊ ምድር ብቻ በየጓዳው፣ በየጸበሉና በየመንገዱ አለ ማለት ነው። ይህም ስኪዞፍሬንያ ብቻ ነው፤ ድባቴው፣ ጭንቀቱ፣ የሚጥል በሽታው አልተቆጠረም።

ግን ይኸ ቁጥር የኛ ነው? አይደለም፤ የተበደርነው ነው። የቡታጅራ ሰው ኑሮው እንሰትና በርበሬ ነው፣ የኛ ድንችና ገብስ፣ የደከረንስ ዛፍና ከሰል። ቋንቋውም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ራስ ምታትን፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ የሆድ መረበሽን እየጠየቀ የአእምሮ ጭንቀትን ይለካል። ለአማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ ይቀርባል። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ያለች አሮጊት ግን ገበያ ላይ አማርኛ ብትናገርም፣ ውስጧ ሲከፋት የምታለቅሰው በአዊኛ ነው። «ሆዴ ባባ» የሚለውን በአዊኛ እንዴት እንደምትለው ያልጠየቀ መጠይቅ የሚሰማው የገበያ ቋንቋዋን እንጂ የልቧን አይደለም።

ደግሞ ባለፉት ዓመታት አገራችን ያየችውን እናስታውስ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ሞትን ሸሽተው የመጡ ወገኖች ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ቦታ በድንኳን ሰፍረው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ውጊያ የኛንም ወረዳዎች አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ጦርነት ባየ ሕዝብ ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ችግር እንዳለበት ያሳያል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መድኃኒት ይቋረጣል። መድኃኒት የተቋረጠበት ሕመምተኛ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። የቡታጅራው ጥናት ይህን ሁሉ አላየም፤ ሊያየውም አይችልም ነበር።

፮. «የቤተሰብ ችግር»

እስካሁን ስለ ቆጣሪውና ስለ አባወራው ስንናገር ቆየን። አሁን ስለ ራሳችን።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንድ የዶርም ጓደኛችን መተኛት አቆመ። ከአዊ የመጣ ልጅ ነው፤ ሒሳብ ያስጠናን ነበር። ቀስ በቀስ መስኮቱን በጋዜጣ መለጠፍ ጀመረ። ሬዲዮ ሲከፈት «ስለኔ ነው የሚያወሩት» ይላል። እኛ ሳቅንበት። «ፈላስፋው» አልነው። አንዳንዱም «ጫት ነው» አለ፤ ጫት አፉ ገብቶ አያውቅም። አንድ ሌሊት በባዶ እግሩ ወጥቶ ሲነጋ ዘበኞች ይዘውት መጡ። ያን ጊዜ ሳቃችን ቆመ። ወንድሙ ተጠርቶ መጣ። ትምህርት ለማቋረጥ ፎርም መሞላት ነበረበት፤ የልጁ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሞላንለት እኛ ነን። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ እርስ በርስ ተያየን። ወንድሙ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስሙ እንዳይጠፋ» አለን። «የቤተሰብ ችግር» ብለን ጻፍን።

ያን ጊዜ ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ «የለም» ካለው አባወራ በምን ተሻልን? የዚያን ዓመት ሪፖርት ያዘጋጀ ሰው በፎርሙ ላይ ያየው አንድ ተጨማሪ «የቤተሰብ ችግር» ነው። በዚያ መሠረት የአእምሮ ሐኪም የሚቀጠርበት ምንም ምክንያት የለም።

ይኸ ጉዳይ ከኛ የራቀ አይደለም። በቡታጅራው ጥናት ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ በአማካይ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እሱ የኛ ዕድሜ ነው። ዶርሙ፣ ላይብረሪው፣ ካፌው የሕመሙ መነሻ ደጃፍ ነው። «ትምህርት በዝቶበት» የሚባለው ተረት የመጣውም ከዚህ ይመስለናል። ትምህርት አልበዛበትም። ሕመሙ የመጣበት ዕድሜ የተማሪነት ዕድሜ ሆኖበት ነው።

ጓደኛችን ለስምንት ወር ጸበል ላይ ቆየ። ከዚያ ወንድሙ ባሕር ዳር ወስዶ አሳከመው። ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ፋግታ ለኮማ ከወንድሙ ጋር ደከረንስ ይቆርጣል፣ ከሰል ያከስላል። ስንገናኝ ያው የድሮው ቀልዱ አለ። ትምህርቱ ግን አልተመለሰም። «የቤተሰብ ችግር»ን ያየ ሰው ሁሉ የተፈታ ችግር ነው ብሎ አልፎት ይሆናል።

፯. ታዲያ ምን ይደረግ?

ተስፋ የለም አንልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ በጤና ጣቢያ ያለ ተራ ባለሙያ እነዚህን ሕመሞች እንዲያክም ያስተምራል፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአገራችን ጥናት ደግሞ ከ300 በላይ ከባድ ሕሙማንን ይዞ በሠለጠነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ የሚታከሙት በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚታከሙት ያነሰ ውጤት እንደሌላቸው አሳይቷል። ይህ ለአዊ ትልቅ ዜና ነው። 450 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ በእግር የሚደረስ ሊሆን ይችላል ማለት ነውና። ግን የጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚጠይቀው በቁጥር ነው። ስንት ሰው አለህ ሲባል «የለም» ካለ ምንም አይላክለትም።

ቁጥሩን ማን ይሰብስብ? ባለሙያዎቹ ይሰብስቡ፤ እኛ አጥኚ አይደለንም። ነገር ግን ጓዳው እንዲከፈት የሚያደርገው ጥናት ብቻ አይደለም፤ የሚያምኑት ሰው ነው። አዊ ደግሞ በዚህ ድሃ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን አሰልፎ ዓድዋ ላይ የወደቁትን ያስባል፤ ከዚያ ውጭም የተጣላ ያስታርቃል፣ የወደቀ ያነሣል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አባል አለው። ለወደቀው አርበኛና አብሮት ለዘመተው ፈረስ መታሰቢያ ያቆመ ሕዝብ፣ በጓዳ ለታሰረው ልጁ ቦታ ያጣል ብለን አናምንም። ማኅበሩና እድሩ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ቄሱና ሼሁ «ጸበሉንም ዱዓውንም ያዝ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጥ» ቢሉ፣ ያ አባወራ ደጃፍ ላይ የሚሰጠው መልስ ይለወጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጥያቄዋን በአዊኛ ይዛ ትግባ።

የኛ ድርሻስ? ትንሽ ናት፣ ግን የኛ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጓደኛችን መተኛት ሲያቆም አንሳቅ። አብረነው እንሂድ፤ ክሊኒክ ወረፋ ላይ አብረነው እንቀመጥ። ፎርም መሙላት ግድ ቢሆን ደግሞ ባለቤቱ ፈቅዶ «ታምሞ ነው፤ ሲሻለው ይመለሳል» ብለን እንጻፍ። «ይመለሳል» የምትለው ቃል ፎርሙ ላይ ካልተጻፈች የሚጠብቀው ሰው አይኖርም።

ያን ካፖርት የለበሰውንም ሰውዬ አንድ ቀን ቆም ብለን ስሙን እንጠይቀው። ስሙን የሚያውቅ ይመስለናል፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።